ድስቱን ታቅፈን ሐረጎን ስንወጣ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ይህን የምጽፈው በገና ማግስት ነው። እጄ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ሦስቴ ታጠብኩት፣ ወይ ፍንክች።

እንደምታውቁት የምሠራው ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ዘንድሮ የመሥሪያ ቤት ልጆች ተሰባስበን ደሴ ላይ ማዕድ አጋራን። "ማዕድ ማጋራት" የሚለውን ነገር በየበዓሉ ትሰማላችሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደውም ነበር። ምክንያት አለኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ እንደ ብዙው ሰው ተሰደን ደብረ ብርሃን ገባን። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት እኮ ደሴ ራሷ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለውን በየትምህርት ቤቱ አስጠግታ ስታበላ ነበር። ወዲያው ተራው የኛ ሆነ። አንድ ቀን ምግብ የሚያድሉ ሰዎች መጡና ተሰለፍኩ። ሳህኔን ተቀብዬ ዘወር ልል ስል አንዱ "ቆይ፣ ቆይ፣ ባነሩ ይግባልን" አለኝ። ቆምኩ። ፎቶ ተነሳሁ። ወጡ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ፤ የባነሩ ቀለም ግን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሰዎቹን አልወቅስም። ርቦኝ ነበር፣ አብልተውኛል።

ስለዚህ ዘንድሮ ኮሚቴው ሲቋቋም አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ባነር ይቅር። ትንሽ ተጨቃጨቅን። የሕዝብ ግንኙነቷ ልጅ "ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ምን ላስገባ?" አለች። እሷም እውነቷን ነው። በመጨረሻ ድስቶቹን ብቻ ታንሳ ተባለ።

በዋዜማው ከጠዋት ፈረቃ የወጡት በቀጥታ ወደ ክበቡ ኩሽና ገቡ። የሂሳብ ክፍሉ ሰውዬ ሽንኩርት እየከተፈ፣ እንባውን በክርኑ እየጠረገ፣ "በጀት ሲዘጋ እንኳን እንዲህ አላለቀስኩም" አለ። ሽንኩርቱ በርበሬና ቅቤ ገብቶበት ሲቁላላ ግን አንድ ችግር መጣ። ጨዉን ማን ይቅመስ? ክርስቲያኖቹ ጾም ላይ ነን። ከስፌት ክፍል የመጣች ሙስሊም ባልደረባችን ዶሮው ከመግባቱ በፊት በጭልፋ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። "ጨው ይቀረዋል። በርበሬውም ገና ጥሬ ጥሬ ይላል።" ዋናዋ ወጥ ሠሪ ደስ አላላትም። ግን ጨመረች፤ ግማሽ ሰዓትም አቁላላችው። ለሙስሊም እንግዶቻችን በጉ በሙስሊም እጅ ታርዶ፣ ሌላ ድስት ተጥዷል። ወሎ ነው፣ ይህን አስታውሱ ያለን የለም።

በበዓሉ ጠዋት ሰርቪሱ ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሲወጣ ድስቶቹን ታቅፈን ነበር። በየጥምዝምዙ ወጡ ወደ ክዳኑ ይመጣል፣ እኛም አብረን እንጋደላለን። የጥገናው ልጅ ክዳኑን በጎማ ቁራጭ ጠፍንጎት ነበር፤ ያም ሆኖ ሱሪው አልተረፈም። ከኮምቦልቻ በሸሚዝ ወጥተን ደሴ ላይ ተንቀጠቀጥን።

ያበላንበት አዳራሽ ከአይጠየፍ ብዙ አይርቅም። አይጠየፍ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙን ያገኘው ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን ስለሚያበላ ነው ይባላል። እኔ ግን በልጅነቴ የሰፈር ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አስተናግደን ስንጨርስ እንደ ልማዳችን ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። አንዲት እናት ቀና ብለው አዩኝ።

"አንተስ?"

"በልቻለሁ እማማ።"

"በገና ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ማን ቤት በላህ? ና ቁጭ በል!"

ተቀመጥኩ። አጎረሱኝ። አንድ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ሁለተኛው እንዴት ያለ ጉርሻ መሰላችሁ፣ ጉንጬ ሞልቶ ማመስገን አቃተኝ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከግድግዳው እየለቀቁ በየትሪው ዙሪያ ተቀመጡ። የሕዝብ ግንኙነቷ ልጅም ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ቀማሻችን ከወዲያኛው ድስት አጠገብ ሆና በሩቁ ጮኸች፦ "እማማ፣ ጨዉ እንዴት ነው?"

እማማ ላመጥ ላመጥ አደረጉና፣ "ትንሽ በዝቷል" አሉ። "ግን አብሽሪ።"

ለጥምቀት በሰላም ያድርሰን።