አውሮፕላን ሲወርድ የሚነሳብኝ ራስ ምታት

የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። እህቴ ዱባይ ስለምትሠራ አልፎ አልፎ እሷን ለመጠየቅ እሄዳለሁ። ዱባይ ልናርፍ ስንል ከቀኝ ዓይኔ በላይ ክፉኛ ይወጋኝ፣ ዓይኔም ያነባ ነበር። ሻንጣዬን እስክቀበል ድረስ ለቀቅ ያደርገኛል። ስመለስ ግን ቦሌ ላይ ምንም አይሰማኝም።

«አየሩ ስለሚሳሳ ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ለእኛ ደገኞች ይህ አያሳምንም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ከቤቴ አየር የተሻለ ነው ማለት ነው።

ነገሩን የገለጠልኝ አንድ ሐኪም ነው። ሕመሙ የታወቀ ነው፤ ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ብዙ ሐኪሞች ምክንያቱ ሳይነስ ነው ይላሉ። ሳይነስ በግንባርና በዓይን ዙሪያ፣ አጥንት ውስጥ ያለ አየር የሞላው ክፍተት ነው። ወደ አፍንጫ የሚከፈተው በጠባብ ቀዳዳ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ የውጭው ግፊት ይጨምራል። ቀዳዳው በጉንፋን ወይም በአለርጂ ካበጠ አየር ቶሎ አይገባም፤ ያኔ ያማል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ሲታረፍ ግፊቱ ብዙም አይለወጥም። ዱባይ ግን ከባሕሩ አፍ ላይ ናት።

ግፊቱ ሲጨምር የሚሆነውን ማየት የፈለገ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወርድ ከፍታው ላይ ካለው ጣርማ በር ዋሻ ጋ ሲደርስ የሃይላንዱን ውኃ ጠጥቶ ክዳኑን ጥብቅ ያድርግ። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሃይላንዱ ጎኑ ተጨማዶ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል። ሲከፍተው ሽ ብሎ ይቃናል። ጆሯችንም የሚደፈነው እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው።

አሁን ሐኪሙ ያዘዘልኝን ናፕሮክሲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ ምግብ በልቼ፣ ከመሳፈሬ በፊት እወስዳለሁ። መውረድ ከመጀመራችን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ አፍንጫ የሚከፍተውን ስፕሬይ እነፋለሁ። ከዚያ የገብስ ቆሎዬን አወጣለሁ። ማላመጡና መዋጡ ጆሮ ይከፍታል፤ ማስቲካም ይሆናል። እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ አስተናጋጇ ቀድማ እንድትቀሰቅሳችሁ ንገሯት፤ የተኛ ሰው ቶሎ ቶሎ አይውጥም። ለእኔ ሕመሙን ያጠፋልኝ ግን መድኃኒቱ ነው፤ ቆሎው ለጆሮዬ ነው።

ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያማችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ናፕሮክሲንን ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት። ደም ግፊት ያለባችሁም ስለ ስፕሬዩ ጠይቁ፤ ለማንም ቢሆን ከጥቂት ቀናት በላይ አይነፋም። ከባድ ጉንፋን ከያዛችሁ፣ ከተቻለ በረራውን አራዝሙት።

የዚህ ዓይነቱ ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ ካረፉ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ወይም ትኩሳት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የእጅ መስነፍ ከመጣ ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ሕክምና ሂዱ።