ፈረሙ፣ ግን አልከፈሉም

ልናቋቁመው ላሰብነው ባንክ የአባልነት ፎርሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስም፣ ስልክ፣ የሚገዙት አክሲዮን ብዛት፣ ፊርማ። በቃ። በመጀመሪያው ስብሰባ 140 ሰው ፈረመ። ማታ ፎርሞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስደምር ባንኩ የተከፈተ መሰለኝ። ወሩ ሲያልቅ የከፈሉት 19 ነበሩ።

የሙያው ሰዎች አንዱን የተፈረመ ካፒታል፣ ሌላውን የተከፈለ ካፒታል ይሉታል። እኔ ልዩነቱን የተማርኩት ስልክ በመደወል ነው። “ደመወዝ ይግባልኝና።” “ከባለቤቴ ጋር ልማከር።” አንዳንዱ ጭራሽ ስልክ ማንሳት ተወ።

ልናቋቁም ያሰብነው የአባላቱ የሆነ ባንክ ነበር። ብዙ አክሲዮን ያለውም አንድ ብቻ ያለውም በጠቅላላ ጉባኤ ድምፁ አንድ ነው። (አክሲዮኑ በኅብረት ሥራ ማኅበር ቋንቋ ዕጣ ይባላል፤ ሎተሪ እንዳይመስል አክሲዮን እያልኩ ልቀጥል።) የኔ ድርሻ መነሻ ገንዘቡን ከሰው ማሰባሰብ ነበር።

ጥፋቴ የገባኝ አንዲት እናት ቤት ነው። ጣታቸውን እያራሱ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠሩልኝ። ደረሰኙን ተቀብለው ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

“ልጄ፣ ቢቸግረኝ መቼ ነው የማወጣው?”

“በፈለጉ ጊዜ፣ እማማ።”

ማታ ይህንን ለሒሳብ ባለሙያችን ስነግረው ደነገጠ። “ምን ነካህ? ይሄ እኮ ተቀማጭ አይደለም!”

እውነቱን ነው። ያስቀመጥኩት ገንዘብ ባንኩ የኔ ዕዳ አለበት ማለት ነው፤ ስጠይቅ ይመልስልኛል። አክሲዮን ግን የባለቤትነት ገንዘብ ነው። ብድር ተበላሽቶ ኪሳራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፤ አስቀማጮችን የሚጠብቀው ይህ ትራስ ነው። ሁሉም ባሰኘው ቀን የሚያወጣው ከሆነ ትራሱ የለም። ስለዚህ መውጣት የሚፈልግ አባል አስቀድሞ ያስታውቃል፣ ደንቡ የሚለውን ጊዜ ይጠብቃል፤ የባንኩ ካፒታል ከተወሰነው መጠን የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይፈቀድለት ይችላል። በብዙ አገር የተቀማጭ ገንዘብ መድንም አክሲዮንን አይሸፍንም።

በማግስቱ ገንዘቡን ይዤ ተመለስኩ። እንደተሳሳትኩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። “ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትልም?” አሉና ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ሻይ እንኳን አላሉኝም።

ፎርሙ ሁለተኛ ገጽ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ርዕሱ “ገንዘቤ ምን ይሆናል?” የሚል ነበር። ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ በዝግ ሒሳብ ይቀመጣል። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም። በተባለው ቀን ፈቃድ ካልተገኘ ለከፋዩ ይመለሳል። ባንኩ ተከፍቶ ከከሰረ ግን ሊጠፋ ይችላል። “ሊጠፋ ይችላል” የሚለውን ለማስገባት ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ስብሰባ ተጨቃጭቀናል። ሰው ይሸሻል ተባለ። የሸሸም አለ። የከፈለው ግን እየጨመረ ሄደ። ለምን ቢባል፣ ሰውን ያስፈራው የጻፍነው ሳይሆን ያልጻፍነው ነበር ብዬ ነው የማምነው።

አንድ ነገር ገና ከጅምሩ ባናበላሸው ደስ ባለኝ፦ የኅትመትና የአዳራሽ ወጪ ከአክሲዮን ገንዘብ ላይ ከፈልን። ትንሽ ነበር፤ ግን ለመመለስ ቃል የገባነውን ነው የነካነው። ኮሚቴው ከኪሱ አዋጥቶ ተካው። ከዚያ ወዲያ የመመዝገቢያ ክፍያ ለብቻው ሆነ፤ እሱ እንደማይመለስም በግልጽ ተጻፈ።

ሌላው ፈተና የመጣው ከትልቅ ገንዘብ ነው። አንድ ባለሀብት ከጎደለን ሲሶውን ልሙላ አለ። በምላሹ ቦርዱ ላይ ሁለት ቋሚ ወንበር ጠየቀ። እውነት ለመናገር እኔ ደክሞኝ ስለነበር እንቀበል ብዬ ነበር። አንዷ የኮሚቴ አባል የገጠር ብድር ማኅበራት ጀማሪ የሆነውን የጀርመኑን ራይፋይዘንን ታሪክ አመጣችብኝ። በመጀመሪያ ያቋቋማቸው ማኅበራት በሀብታሞች ቸርነት የቆሙ ነበሩ፤ ቸርነቱ አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ1864 ሄደስዶርፍ ላይ ተበዳሪዎቹ ራሳቸው አባልና ኃላፊ የሆኑበትን ማኅበር መሠረተ። ባለሀብቱን አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚኖረው ነገርነው። አመስግኖ ሄደ። ጉድለቱ ግን እዚያው ቀረ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለውን ጣሊያኖቹን ሳነብ ነው ያወቅኩት። ባንካ ኤቲካ የአባላቱ የሆነ የጣሊያን ባንክ ነው፤ ለሱ ማሰባሰብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ገደማ ነው። የሚያስፈልጋቸው 12.5 ቢሊዮን ሊሬ ነበር። በሮቹ ፓዶቫ ላይ የተከፈቱት በ1999 ነው። እኛ አሥር ወር ብለን ነበር የተነሳነው!

እንዲያውም የበለጠ የቀረበን የካናዳው ዴዣርደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 መጨረሻ ሌቪ ከተማ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 5 ዶላር ነበር፤ በየሳምንቱ 10 ሳንቲም እየከፈሉ መጨረስ ይቻላል። በ1901 ጥር ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ቀን ገቢ 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። እሱ ኦታዋ ፓርላማ ሥራ ላይ ሲሆን ቤታቸው ውስጥ መዝገቡን የምትይዘው ሚስቱ ዶሪሜን ናት፤ ያውም ያለ ደመወዝ። ይህን ለኮሚቴው ስነግር ጸሐፊያችን ቀና ብላ አየችኝ። ለሷም እስከዚያ ቀን ምንም አልከፈልንም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለወጥን። አክሲዮን በየወሩ እየተከፋፈለ እንዲከፈል አደረግን፤ ለየአሥር ሰው አንድ ሰብሳቢ መደብን። ባንክነቱን ደግሞ ለጊዜው አቆየነው። በቁጠባና ብድር ማኅበርነት ተመዘገብን፤ የሚጠየቀው ካፒታል ዝቅተኛ ነው፣ እኛም ማበደርንና ማስመለስን እንለማመድበታለን። አንዳንዶች ወደኋላ ተመለስን ብለው ተናደዱ፤ ገንዘባቸው ከዝግ ሒሳቡ ተመለሰላቸው። ወረቀቱ ላይ የጻፍነው እንደዚያ ነበርና።

እማማን እንደገና ያየኋቸው በመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ለካ ለጎረቤታቸው ሰብሳቢ ከፍለው ገብተዋል። የሒሳብ ሪፖርቱ ተነቦ “አስተያየት ያለው?” ሲባል እጃቸውን አወጡ። ገንዘባችን የተቀመጠበትን ባንክ የሒሳብ መግለጫ በእጃቸው ካልያዙ እንደማያጸድቁ ተናገሩ። አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው መስመር አነበቡት። ከዚያም ገልብጠው ጀርባውን አዩ።