ይመታል፦ የልቦለዴን ሁለተኛ መጽሐፍ ያስቸገረችኝ አንዲት ቃል

ስለ ብላቴና ንጉሥና ስለ ትንቢት ተከታታይ ልቦለድ የጀመራችሁ ሁሉ ሁለተኛውን መጽሐፍ ከመንካታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም፤ ዘጠኝ ምዕራፍ ጽፌ ግማሹን ጣልኩት።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ሲጠፋ በደብተር፣ ሲመጣ በኮምፒውተር እየጻፍኩ ረቂቁን ጨረስኩ። ለሁለተኛው መጽሐፍ የራሱን አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) አወጣሁ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ለተከታዩ አያገለግልም። የስም መዝገብም ያዝኩ፣ ምክንያቱም አንድ ባለታሪክ አንዴ በሠ፣ አንዴ በሰ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ፈልጎ አያገኘውም።

ለቤተ መንግሥቱ ከታሪካችን ብዙ ወሰድኩ። ዐፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ ሲነግሡ አገሩን በእንደራሴነት የመሩት ንግሥት እሌኒ ነበሩ። ካሳ ኃይሉ ደግሞ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት ፍካሬ ኢየሱስ በተባለው የትንቢት መጽሐፍ የተነገረለትን ንጉሥ ስም ይዘው ነው። ሰው የሰማውን ትንቢት በልኩ አሰፍቶ እንደሚለብስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ያለው ትንቢት «በሰባተኛው ክረምት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ብላቴናው ንጉሥ ይመታል» ይላል። «መ» ላልታ ስትነበብ ንጉሡ ጠላቱን ይመታል፤ ጠብቃ ስትነበብ የሚመታው እሱ ራሱ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው አንደኛውን ይዞ ይሄዳል፣ ሁለተኛው መጽሐፍ ሌላውን ያወጣለታል። እንደራሴው ጦርነት ስለሚፈልግ ያላላታል፤ እናትየው ልጇን ከወንዙ ለማስቀረት ታጠብቃታለች። ሰምና ወርቅ ናት፤ ዛሬም እኮራባታለሁ።

ግን የመጀመሪያው መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ አንድ መነኩሴ ይህን ትንቢት በአደባባይ ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርጌ ነበር። አንባቢ በዓይኑ ስለሚያነብ ሁለቱም ፍቺ ክፍት ሆኖ ይቆይለታል። እዚያ የቆመው ሕዝብ ግን በጆሮው ሰምቷል፤ የሰማው ወይ ላልቶ ነው ወይ ጠብቆ። ታዲያ እንደራሴውና እናትየው በምን ይጣላሉ? ይህ የታየኝ ሁለተኛው መጽሐፍ ዘጠነኛ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ነው፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው 1,000 ቅጂ ታትሞ ተሽጧል። ምዕራፍ ሦስትን አንድ ቀን እንኳ ድምፄን አውጥቼ ባነበው ኖሮ ምላሴ ይነግረኝ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መነኩሴው ያነበበው ከብራና እንደነበር፣ ማላላቱን የመረጠው በእንደራሴው ትእዛዝ እንደነበር፣ ብራናውም በእናትየው ሣጥን እንዳለ የሚገልጥ ምዕራፍ ጨመርኩ። ነገሩ ቆመ፤ ስፌቱ ግን ለእኔ ይታየኛል። እናንተ ከመጀመሪያው ትንቢቱ ተጽፎ ይገኝ፤ ሁለቱ ወገኖች እስኪለያዩ ድረስ ማንም በድምፅ አያንብበው።

የግሡ ምርጫም ሥራ አለው። መታ፣ በላ፣ ሰማ፣ ቀባ፣ ፈታ የመሳሰሉት ይሆናሉ፤ ይመታል፣ ይበላል፣ ይቀባል ሲባል አድራጊውም ተደራጊውም ፊደሉ አንድ ነው። ሰበረ ግን አይሆንም፤ ይሰብራል እና ይሰበራል በፊደል ይለያያሉ። ትንቢቱ በኀላፊ ጊዜ ከተነገረም ያበቃለታል፤ መታ እና ተመታ ለየብቻ ናቸው። ስለዚህ ባለታሪኮቹ ስለ ትንቢቱ ሲያወሩ «ይመታል»፣ «አይመታም»፣ «የሚመታ» ይበሉ እንጂ «ተመትቶ» እንዳያመልጣቸው። እኔ አንድ ቦታ አምልጦኝ ነበር። ተሳቢም አይጨመር፤ አንዲት «ን» ሁሉንም ትዘጋዋለች።

ያቺ «ን» ደግሞ ከራሴ ሳይሆን ከአራሚ መጣችብኝ። የመጨረሻው የኅትመት ናሙና ሲደርሰኝ «ብላቴናው ንጉሥ ጠላቱን ይመታል» ተብሎ ተስተካክሎ አገኘሁት። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ዐረፍተ ነገሩ ግልጽ አልነበረም» ተባልኩ። አራት ዓመት የደከምኩበት ነገር በአንዲት ቃል ሊጠፋ ነበር። በየሥልጠናው ለአራሚ ሙሉ ነፃነት ስጡ ይባላል፤ እኔ አልስማማም። ትንቢቱ ያለባቸውን ገጾች ለይታችሁ «አይነካ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ናሙናውን ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት እነዚያን ገጾች ራሳችሁ በፊደል ቁጠሩ። ወረቀቱ በ16 ገጽ ስለሚታጠፍ የእኔ 304 ገጽ ልክ 19 እጥፍ ነበር፤ አንድ ገጽ የሚያስገፋ እርማት ሌላ እጥፍ ያስከፍላል፣ ስለዚህ ቶሎ ያዙት።

የቀረው መጽሐፉ በድምፅ ሲቀረጽ ያለው ትረካ ነው። ተራኪ ድምፅ ስላለው መምረጥ ግድ ይሆንበታል። በሰጠሁት ቅጂ የመጀመሪያው መጽሐፍ ትንቢት በተራኪው አይነበብም፤ ብራናው ብቻ ይገለጻል። በሁለተኛው መጽሐፍ የእንደራሴው ንግግር ላይ «አላላ»፣ የእናትየው ላይ «አጥብቅ» ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ።