ቁጥሩ በክር ሲጠለፍ

ለየካቲት 12 መታሰቢያ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ጨርቅ ያስያዝኳቸው የሥዕል ቀለም ስላለቀብን ነው። ከመርካቶ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ለምነን፣ አቡጀዲ ጨምረን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ክንድ በክንድ የሆነ ካሬ ደረሰው። በኋላ ሁሉም ተጋጥሞ አንድ ትልቅ መጋረጃ ይሆናል። ዳይሬክተራችን አይተው «ድሪቶ ልትሰቅሉብኝ ነው?» ብለው ሳቁ፤ አልከለከሉንም።

መጀመሪያ ሁሉም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ የወረወሩትን ቦምብ ካልጠለፍን አሉ። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ድረስ ወስጃቸው የነሐሱን ቅርጽ ዞረው ሲያዩ ግን ሐሳባቸው ተለወጠ። እዚያ ላይ የወደቀ ሰው ነው የሚበዛው። አንዷ በዚያ ቀን ምጽዋት ሊቀበሉ ግቢው ገብተው ከነበሩት ድሆች አንዱን ሽማግሌ ሠራች፤ ሌላው የሚነድ ጎጆ። ሁለቱን ወጣቶች ከከተማ ያሸሻቸውን የስምዖን አደፍርስን ታክሲ የሠራው ልጅ ለጎማው የአባቱን ጥቁር ካልሲ ቆርጦ መጣ (አባትየው ያወቁ አይመስለኝም)። እኔ ከሁሉም ያንን ካሬ እወደዋለሁ።

ጸብ ያመጣው የመሐሉ ካሬ ነው። እጇ የተባረከ አንዲት ልጅ «30,000 ሰማዕታት» ልትል በቀይ ክር ጀምራ «30»ን ጨርሳለች። ከኋላዋ ያለው ልጅ አንገቱን አስግጎ «ቲቸር፣ 19,000 ነው እኮ!» አለ። ክፍሉ ተነሳበት። «ባንዳ» ያለውም ነበር።

የታሪክ መምህራችንን ጠራሁት። 30,000 ከጦርነቱ በኋላ መንግሥታችን ያቀረበው እንደሆነ፣ 19,000 ገደማ ያለው ደግሞ ኢያን ካምቤል የተባለ ተመራማሪ ከዓይን እማኞችና ከሰነዶች ተነስቶ የሦስቱን ቀን የአዲስ አበባ ግድያ ገምቶ እንደሆነ አስረዳ። ጥቁር ሸሚዞቹ፣ የፋሺስት ታጣቂዎቹ፣ ሰው ከነቤቱ ሲያቃጥሉ መዝገብ የያዘ የለም። ከዚያ ዞሮ «እሺ፣ 19,000 ሰው አነሰና ነው ልጁን ባንዳ ያላችሁት?» አላቸው።

የጠላፊዋ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። «በእርሳስ ቢሆን እናጠፋው ነበር፤ ይሄ ሲፈታ ጨርቁን ይበሳሳዋል» አለች። እንዳለችውም ተበሳሳ። በላዩ ሌላ ጨርቅ ለጥፋ «የካቲት 12፣ 13፣ 14» ብላ ጠለፈችበት። ሁለቱ ቁጥሮች ማን እንዳላቸው ተጽፎ በወረቀት ከጎኑ ይለጠፍ ተባለ። እኔ ሁለቱም ጨርቁ ላይ ይውጡ ባይ ነበርኩ፤ በድምፅ ተሸነፍኩ። አሁንም ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ ወረቀት ይቀደዳል። ከዚያ ወዲህ ግን «ይህን ቁጥር ማን ቆጠረው?» ሳልል ክር አላድልም።

በዝግጅቱ ቀን ወላጆች ወረቀቱ ዘንድ ቆመው ቁጥሩ ለምን እንደሚለያይ ሲጠይቁ መላሹ ያ «ባንዳ» የተባለው ልጅ ሆነ። ጠላፊዋ አጠገቡ ቆማ ታርመዋለች።

የዘንድሮዎቹ የደብረ ሊባኖስ ገዳምን ግድያ መርጠዋል። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም ያመነው 297 መነኮሳትን ነው፤ በኋላ የተረሸኑት 129 ዲያቆናት ሲቀሩ። ከወዲሁ አንዷ «ገዳዩ የቆጠረውን ነው የምንጠልፈው?» ብላኛለች። የታሪክ መምህሩን ለሐሙስ ቀጥሬዋለሁ።