አባባና ኤስፔራንቶ

ዛሬ ማታ መብራት ጠፍቶ ስልኬ ላይ ያወረድኩትን የኤስፔራንቶ ትምህርት ይዤ ምድጃው ዳር ቁጭ ብያለሁ፣ የማርቆስ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ አባባ ከጎኔ ትኩስ ድንች እየላጡ "ምንድር ነው እሱ የምታነበንበው?" አሉኝ። ሰው የፈጠረው ቋንቋ ነው አልኳቸው፣ ዛሜንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም በፈረንጆች 1887 ዋርሶ ላይ ያወጣው፣ የተወለደባት ቢያሊስቶክ ውስጥ ሩሲያው ፖላንዱ ጀርመኑ አይሁዱ በየቋንቋው ተከፋፍሎ ሲናቆር ስላየ አንድ መግባቢያ ይኑር ብሎ።

አባባ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ስለሆኑ ታሪኩን ትተው "ስሙስ? ግሱስ?" ነው ያሉኝ።

ስም ሁሉ በኦ ነው የሚያልቀው፣ ቤት ዶሞ፣ ቤቶች ዶሞይ፣ ተሳቢ ሲሆን ን ትጨመራለች፣ ዶሞን፣ ዶሞይን። እዚህ ጋ ድንቹን አስቀመጡት። "ቤትን? ይቺማ የኛዋ ን አይደለች እንዴ!" ከአማርኛ እንዳልወሰዳት አውቃለሁ፣ ግን እኔም መጀመሪያ ሳያት ልክ እንደዛ ነው ደስ ያለኝ።

ግሱ ደግሞ ስክሪባስ ይጽፋል፣ ስክሪቢስ ጻፈ፣ ስክሪቦስ ወደፊት የሚጽፈው፣ ስክሪቡ ትእዛዙ። እኔም ልበል አንተም ልበል እነሱም ልበል ግሱ አይለወጥም፣ ከደንቡ የሚያፈነግጥ አንድ ግስ እንኳን የለም። አባባ ከቀተለና ከቀደሰ ጀምረው ስምንቱን የግዕዝ ግስ አርእስት፣ ሌላው ግስ ሁሉ በነሱ አምሳያ የሚረባባቸውን፣ ቆሎ ተማሪ ሆነው አኩፋዳ ይዘው እየለመኑ ነው የገሰሱት፣ "ይሄን ሁሉ አቀለለው በለኛ" አሉ ቀስ ብለው። ስክሪባንቶ ማለት የሚጽፈው ማለት ነው ስላቸው "ጸሐፊ! ሣልስ ቅጽል ነዋ!" አሉ፣ በግዕዝ ከግስ ወጥቶ አድራጊውን የሚጠራው ቅጽል ማለታቸው ነው፣ ኤስፔራንቶ የሚለው ስም ራሱ እንደዛ የተሠራ ነው፣ ተስፋ የሚያደርግ ማለት ነው፣ ዶክተር ኤስፔራንቶ ብሎ ነበር መጀመሪያ ያሳተመው።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። አየሁዎት ስል እኔም እሳቸውም አክብሮቱም አንድ ቃል ውስጥ አለ፣ በኤስፔራንቶ ግን ሚ ቪዲስ ቪን ነው፣ ቪ ለከብት ጠባቂውም ለአባቴም ለብዙ ሰውም ያው ቪ ነው፣ አንቱ የለም። ይሄን ለሳቸው ለመናገር አፍሬ ትንሽ ቆየሁና ነገርኳቸው።

"ግዕዝስ መቼ አንቱ አለው፣ ይትቀደስ ስምከ አይደል የምንለው ፈጣሪን? ንጉሡንም አንተ ነው" አሉኝ፣ ይሄን ዕድሜዬን ሙሉ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ልብ ብዬው አላውቅም!

ዝናቡ ሲያባራ "እስቲ ለኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በለኝ" አሉ። ሚ አማስ ቪን፣ ፓትሮ አልኳቸው። እወድዎታለሁ አባቴ ማለት ነው፣ በአማርኛ ብያቸው አላውቅም። ትርጉሙን አልጠየቁኝም፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደገሙትና "ቪን ላይ ያለችው ተሳቢዋ ናት አይደል?" አሉኝ። አዎ አባባ አልኳቸው።