መቅረዙ ብቻውን አያበራም

ትናንት ማታ ራእይ ምዕራፍ 1ን ሳነብ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። “መካከል” የሚለው ላይ። በእርሳስ አሰመርኩበት።

ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ሰባት የወርቅ መቅረዞች ያያል። በመካከላቸው የሰው ልጅ የሚመስል አለ፤ ፊቱ እንደ ፀሐይ ያበራል። መቅረዞቹ ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ከኤፌሶን እስከ ሎዶቅያ። ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ፀሐይ የተባለው የእሱ ፊት ነው። ቤተ ክርስቲያን መብራት የሚቀመጥባት መቅረዝ ናት።

ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መምራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሲቀንስ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር። የበለጠ እዘጋጃለሁ፣ የበለጠ እናገራለሁ። ጸሎቴ ግን እያጠረ ሄደ። ለካ ብርሃኑን ከራሴ ለማውጣት ነበር የምታገለው!

የኤፌሶን ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። ሥራዋ፣ ድካሟ፣ ትዕግሥቷ ተመስክሮላታል። ሐሰተኞችን መርምራ ለይታለች። የቀደመውን ፍቅሯን ግን ትታለች። ንስሐ ካልገባች መቅረዟ እንደሚወሰድ ተነገራት። ያን ሁሉ እየሠራችም!

በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ክርስቶስን “ከብርሃን የተገኘ ብርሃን” ብለው መሰከሩ። ብርሃንነቱ የባሕርዩ ነው። እኛ የምናበራው ከእሱ ተቀብለን ነው።

ዛሬ ጥናቱ ላይ ያዘጋጀሁትን ወረቀት አላወጣሁም። “እኔ የዓለም ብርሃን ነኝ” የሚለውን፣ ዮሐንስ 8፥12ን አብረን ደጋግመን አነበብን። ከዚያ ጸለይን። ረጅም ጸሎት ነበር።