«ትንሽ እክል ነበር»

ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ የሌሊቱ ፈረቃ ለጠዋቱ ሲያስረክብ መዝገቡ ላይ የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ሌሊት መብራት ተቋርጦ ትንሽ እክል ገጥሞ ነበር።» በቃልም የተጨመረው «አብሽር፣ ኸይር ነው» የሚል ብቻ ነው።

ጠዋት የገባው ኦፕሬተር መዝገቡን አምኖ ሠራ። የተቋረጠ መብራት ከተመለሰ ሥራ ይቀጥላል፤ አምፖሉም በርቷል። የወፍጮውን ሞተር ማስነሻ ሲጫን ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልዞረም፤ ወዲያው ኦቨርሎዱ፣ ሞተር ከልክ በላይ ሲስብ የሚያቋርጠው መከላከያ፣ አጠፋው። ሪሴት አድርጎ ደገመ። በሦስተኛው የተቃጠለ ቫርኒሽ፣ የሞተሩ ሽቦ ልባስ፣ ሸተተ። ሞተሩ ተፈቶ ሽቦው እንደገና እንዲጠመጠም ደሴ ተጫነ።

ሌሊት መብራቱ ሲመለስ ከሦስቱ ፊውዞች አንዱ ተቃጥሎ ነበር። የሌሊቱ ሠራተኛ ሞተሩ አጉረምርሞ እንዳልነሳ አይቷል፤ «እክል» ብሎ የጠቀለለው ያንን ነው። ኤሌክትሪሺያኖች ለዚህ የታወቀ ቃል አላቸው፦ ፌዝ ጎደለ። ፌዝ ማለት ኤሌክትሪኩን ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ ነው። ሦስት ፌዝ ሞተር በሁለት ፌዝ ከቆመበት አይነሳም፤ እንደቆመ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፣ ማራገቢያውም ስለማይዞር ሙቀቱን የሚያወጣለት የለም። ሳይበርድ ሪሴት መጫን ሙቀት በሙቀት ላይ መደረብ ነው። የአምፖሉ መብራትም ማስረጃ አይሆንም፤ አምፖል የሚበራው በአንድ ፌዝና በኒውትራል፣ በመመለሻው ሽቦ፣ ነው። ኮንታክተሩ፣ ማስነሻው ሲጫን ሞተሩን የሚያገናኘው ማብሪያ፣ እንዳልተገናኘ ከፊውዞቹ በታች ፌዞቹን ጥንድ በጥንድ ሦስት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል፤ ሦስቱም ወደ 380 ቮልት ካላሳዩ ማስነሻው አይነካም።

«ጎደለ» የተባለ ነገር ይፈለጋል፤ «ተቋረጠ» የተባለ ይጠበቃል። መብራት፣ ውኃ፣ ስልክ ይቋረጣል፤ ቃሉ ተመልሶ መምጣትን በውስጡ ይዟል። ጠዋት የገባውን ሰው ያሳሳተውም ይኸው ነው።

ለችግር የምንላቸው ሌሎቹ ቃላትም እንዲሁ ቦታ ቦታ አላቸው። የሚስተጓጎለው ሥራ ወይም ስብሰባ ነው፤ ሞተር አይስተጓጎልም፣ ይበላሻል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ አንድ የጭነት መኪና ቢዘገይ ጭነቱ ዘገየ ይባላል፤ በየሳምንቱ ቀኑ እየተገፋ ከሄደ ግን ተጓተተ ነው። እንቅፋት እግር የሚመታው ድንጋይ ነው፤ መንገደኛው ያነክሳል፣ መንገዱን ግን አይተውም። ተጨናገፈ ከፅንስ የመጣ ከባድ ቃል ነው፣ መመለሻ የለውም። ለአንድ ሰዓት መቆም «ምርት ተጨናገፈ» ብሎ መጻፍ አለቃን በከንቱ ያስደነግጣል። እክል ከሁሉም ሰፊው ነው። ለደንበኛ በሚለጠፍ ማስታወቂያ ላይ «በገጠመን እክል ምክንያት» ማለት ጨዋነት ነው፤ በፈረቃ መዝገብ ላይ ግን ምንም አይናገርም። አብሽርም ለደነገጠ ሰው የሚባል ደግ ቃል ነው፣ ለማሽን ርክክብ አይሆንም።

መዝገቡ እንዲህ ቢል ሞተሩ ይተርፍ ነበር፦ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት ተቋረጠ፤ 9:40 ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የወፍጮው ሞተር ያጉረመርማል፣ አይዞርም። ፌዝ ሳይለካ እንዳይነሳ፤ ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ ወረቀት ተለጥፎበታል።»